ከአውቶሞቢል የኋላ ካሜራ ጋር ስለሚሰማው አሰልቺ ጩኸት



በከተማችን አውቶሞቢል ከሚነዱት ሰዎች ብዙዎቹ በእነዚህ ዓመታት አንድ አዲስ ረዳት አግኝተዋል። ይኸውም ማርሹ ወደ ኋላ በገባ ጊዜ ከመኪናው በስተኋላ ያለውን በስክሪን ላይ የሚያሳየው ትንሹ ካሜራ ነው። ከፋብሪካው አብሮ የመጣ አለ፤ በኋላ በጋራዥ የተገጠመም አለ። ይህ ረዳት አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኛ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ሥዕሉ በስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አብሮት ጩኸት ይመጣል፤ አንዱ እንደ ትንኝ ጢዝ ይላል፤ ሌላው እንደ ፉጨት ይቀጥናል፤ ሦስተኛው ያለ ማቋረጥ ቲት ቲት እያለ ይነዘንዛል። ጠዋት ከግቢው ሲወጣና ማታ ሲገባ ይህን የሚሰማ ሰው ውሎ አድሮ ይመረዋል። ከመረረውም በኋላ ለኤሌክትሪሺያኑ የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ «ይህን ነገር ቁረጥልኝ» ይላል።

የዛሬው ንግግራችን ሽቦው ከመቆረጡ በፊት ሊታወቅ ስለሚገባው ነገር ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ካሜራው ለጌጥ የመጣ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። እርግጥ ነው፣ አጀማመሩ ጌጥ ይመስል ነበር። ቢዩክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1956 ሴንቱሪዮን በሚባለው የትርኢት አውቶሞቢሉ ጭራ ላይ የቴሌቪዥን ካሜራ ተክሎ ሥዕሉን በሾፌሩ ፊት አሳይቷል፤ ያ መኪና ግን ለሽያጭ አልቀረበም። በ1991 ደግሞ በጃፓን ቶዮታ ሶረር በሚባለው ውድ መኪና ላይ ካሜራው ለገዢ ቀረበ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የባለጸጎች ምቾት ተብሎ ይታይ ነበር። አስተሳሰቡን የለወጠው የሕፃናት ሞት ነው። በ2002 በአሜሪካ አንድ አባት በገዛ ደጃፉ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ የ2 ዓመት ልጁን ሳያየው ገጭቶ ገደለው። በ2008 በዚያ ሕፃን ስም የተጠራ ሕግ ጸደቀ፤ በዚሁ ሕግ መሠረት ከሜይ ወር 2018 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። የዚያ አገር የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንቡን በ2014 ሲያወጣ፣ ወደ ኋላ በሚሄዱ መኪናዎች ምክንያት በየዓመቱ በአማካይ 210 ሰዎች እንደሚሞቱና 15,000 ያህል እንደሚቈስሉ ገልጾ ነበር። ከሟቾቹ መካከል ከመቶ 31 የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፣ ከመቶ 26 የሚሆኑት ደግሞ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያን ነበሩ።

ቁጥሩ የሩቅ አገር ነው፤ ነገሩ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። የእኛ ግቢ የመኪና ማቆሚያ ብቻ አይደለም፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፤ ልብስ ይሰጣበታል፤ አያት በጠዋት ፀሐይ ይሞቁበታል። ከኋላ መስታወቱ ጠርዝ በታች ያለውን መሬት ደግሞ ሾፌሩ አንገቱን ቢጠመዝዝም አያየውም፤ ስፖኪዮውም አያሳየውም። ቁጭ ብሎ ጠጠር የሚለቅም ሕፃን ቁመቱ ከፓራውልቱ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ለአንድ ፉጨት ሲባል ካሜራውን ማስቆረጥ ምን ያህል ውድ ዋጋ እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይመዝነው።

አሁን ወደ ጩኸቱ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «የሚጮኸው ማን ነው?» የሚለው ነው። ምክንያቱም ሰው በካሜራው ላይ የሚያሳብበው ጩኸት ብዙ ጊዜ የካሜራው ሥራ አይደለም።

ቲት ቲት የሚለው ድምፅ የሚመጣው በኋላ ፓራውልት ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ ሆነው ከተደረደሩት ሴንሰሮች ነው። እነዚህ ሴንሰሮች በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ይልካሉ። የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ እኛ አናውቀውም። ድምፁ ከዕቃ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ የወሰደው ጊዜ ይለካል፤ 1 ሜትር ርቆ ካለ ግንብ ነጥሮ ለመመለስ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ እጅ 6 ያህል ይበቃዋል። ርቀቱ ባጠረ ቍጥር ቲትታው ይፈጥናል። በስተኋላ ምንም ሳይኖር የሚጮኽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ጭቃ ነው፤ በክረምት ወራት ደግሞ ጭቃ የማይለጠፍበት ፓራውልት የለም። የላላ ታርጋ፣ ረዥም ሣር፣ በኋላ የተገጠመ የመጎተቻ ብረትም ሴንሰሩን ያሳስቱታል። በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ማጠብ ይበቃል። ታጥቦም ካልተወ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ማርሹን ወደ ኋላ ካስገቡ በኋላ ሌላ ሰው በየሴንሰሩ ላይ ጣቱን ያሳርፍ፤ ጤነኛው እንደ ልብ ትርታ ቀስ ብሎ ይመታል፤ የማይመታው የታመመው ነው። ድምፁ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ከመጠን በላይ የሚጮኽ ከሆነ ግን በስክሪኑ የማስተካከያ ገጽ ላይ መቀነስ ይቻላል። (ገጹ በቻይንኛ ብቻ ተጽፎ የመጣ እንደሆነ የእጅ ስልክ ካሜራ አዙሮ ማስተርጐም ነው፤ በዚህ የሚፈራ ሰው ልጁን ይጥራ።)

ከውጭ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ በጥር ወር 2016 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። ይህ ዓይነቱ መኪና ሞተሩ ስለማይሰማ ቀስ ብሎ ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ ሆን ተብሎ የተሠራ ድምፅ ያሰማል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 138ኛው የተሽከርካሪዎች ደንብ የወጣው በ2016 ለዚሁ ጉዳይ ነው። ድምፁ ለባለ መኪናው ጆሮ አልተሠራም፤ በእግሩ ለሚሄደው፣ በተለይም ለዐይነ ስውሩ የተሠራ ነው። ስለዚህ ባይወዱትም ይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ይኸውም ማርሹ ወደ ኋላ በገባ ጊዜ በመኪናው ድምፅ ማጉያ በኩል የሚመጣው ፉጨትና እዝታ ነው። ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው ቴፕ በነበረበት ቦታ ስክሪን ባስገቡና ካሜራ በኋላ ባስገጠሙ ሰዎች ላይ ነው።

እኛ የራዲዮ ሠራተኞች ይህን ጩኸት ከመኪናው በፊት እናውቀዋለን። በስቱዲዮ ውስጥ ሁለት መሣሪያዎች በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ከመሬት ጋር ተያይዘው ደግሞ በድምፅ ሽቦ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ፣ ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል። በመኪናውም የሚሆነው ይኸው ነው።

ሁኔታውን በዝርዝር እንመልከት። ካሜራው 12 ቮልቱን የሚያገኘው ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ከሚበራው ነጭ መብራት ሽቦ ነው፤ ኔጌቲቩ ደግሞ እዚያው ከኋላ በመኪናው ቦዲ ላይ ይታሰራል። ሥዕሉ ግን ጫፉ ቢጫ በሆነ ረዥም ገመድ ወደ ፊት ይሄዳል። ስክሪኑም በበኩሉ ኔጌቲቩ ከፊት በኩል ታስሯል። የመኪናው ቦዲ አንድ ብረት ስለሆነ ጫፍና ጫፉ እኩል ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን የመብራቶቹ፣ የአየር ማራገቢያውና የዲናሞው ጉልበት ሁሉ የሚመለሰው በዚሁ ብረት በኩል ስለሆነ በፊትና በኋላ መካከል ጥቂት የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ሁለት ኩሬዎች በአንድ ቦይ ተያይዘው ሳለ የአንደኛው ውሃ ጥቂት ከፍ ቢልና ሌላ ትንሽ ቦይ ቢቆፈርላቸው፣ ውሃው ከፊሉ በአዲሱ ቦይ መፍሰሱ አይቀርም። እዚህም አዲሱ ቦይ በሥዕሉ ገመድ ዙሪያ ያለው የሽቦ ልባስ ነው። በልባሱ ውስጥ ያለ ቦታው የገባውን ይህን ጉልበት ስክሪኑ ከሥዕሉና ከድምፁ ጋር አደባልቆ ይቀበለዋል፤ በስክሪኑ ላይ የሚንሸራተት ጥላ፣ በድምፅ ማጉያውም ፉጨት አድርጎ ያወጣዋል።

ፉጨቱ ከሞተሩ ጋር የሚቀጥንበት ምክንያት ዲናሞው ነው። የዲናሞ ኤሌክትሪክ ልክ እንደ ባትሪ ልስልስ ያለ አይደለም፤ እየተነሣ የሚወርድ ሞገድ አለበት። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ዲናሞው በ2.5 እጥፍ ፈጥኖ 2,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። 6 ጥንድ ዋልታ ያለው ባለ 3 ፌዝ ዲናሞ ከሆነ በሴኮንድ 1,200 ሞገድ ይሰጣል። ሞተሩ 1,600 ሲደርስ ሞገዱ 2,400 ይሆናል፤ ማለት ድምፁ በእጥፍ ይቀጥናል። ለባለ መኪናው ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ሁሉ ምንጩ ዲናሞው መሆኑን ራሱ ይናገራልና።

ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ባለቤቱ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ጥቂት ምርመራዎች አሉ። ሜዳ ቦታ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ የፍሬን ፔዳሉን ረግጦ፣ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ከፍቶ ማርሹን ወደ ኋላ ያስገባ። ጩኸቱ ሞተሩ ሳይነሣ ከጠፋ ነገሩ የዲናሞው ነው፤ ካለ ግን የአስተሳሰሩ ወይም የካሜራው ራሱ ነው። (አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ማርሹ ኋላ ሳለ ለሙከራ ብሎ ቤንዚን መርገጥ ፈጽሞ አይገባም።) ቀጥሎ የስክሪኑን ድምፅ እስከ ዜሮ ይቀንሰው። ጩኸቱ አብሮ ከቀነሰ የገባው በስክሪኑ በኩል ነው፤ ድምፁ ዜሮ ሆኖ ጩኸቱ እንደ ነበረ ከቀጠለ ግን ከስክሪኑ በኋላ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው በሚሄደው ሽቦ ወይም በአምፕሊፋየሩ ላይ ነው። በመጨረሻ ኤሌክትሪሺያኑ ቢጫውን ገመድ ከስክሪኑ ጀርባ ለአንድ አፍታ ይንቀለው። ሥዕሉ ጠፍቶ ጩኸቱም አብሮ ዝም ካለ፣ ከላይ የተናገርነው ትንሽ ቦይ ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሔው ቦዩን መዝጋት ነው። ከሁሉ የሚሻለው የካሜራውን ኔጌቲቭ ከኋላ ካለው ቦዲ ፈትቶ በራሱ ሽቦ ወደ ፊት ማምጣትና ከስክሪኑ ኔጌቲቭ ጋር በአንድ ቦታ ማሰር ነው። የሚታሰርበትም ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የታየ፣ ብሎኑም የጠበቀ ይሁን፤ በቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ እንዳልታሰረ ይቈጠራል። ካሜራው ራሱ በብረት ቤቱ በኩል ከቦዲው ጋር እንዳይነካካ በመካከሉ ላስቲክ ያድርጉ። ሽቦ ወደ ፊት መሳብ አስቸጋሪ ከሆነ በሥዕሉ ገመድ መካከል የሚገባ፣ ሁለቱን ወገኖች የሚለያይ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ፤ በስቱዲዮም ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከሚያገለግሉት አንዱ እርሱ ነው። የዲናሞው ፉጨት በካሜራው መመገቢያ ሽቦ በኩል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በሽቦው ላይ ጥቅልና ካፓሲተር ያለበት ማጣሪያ ይገባል። የሥዕሉ ገመድም ከዋና ዋናዎቹ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ጋር ታስሮ እንዳይሄድ፤ የሚቻል ከሆነ እነርሱ በመኪናው አንዱ ጎን ሲሄዱ እርሱ በሌላው ይሂድ።

በአዲሶቹ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ አንድ ሌላ እንቆቅልሽ አለ። በእነዚህ መኪናዎች መብራቱን የሚመግበው ኮምፒዩተር ቀጥተኛ 12 ቮልት በመላክ ፈንታ በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ይልካል። አምፑሉ ይህን አያውቅም፤ ካሜራው ግን ያውቃል፤ ሥዕሉ ይርገበገባል፤ እዝታም ይሰማል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ለመፈወስ ሪሌ ይጨምራሉ። ሪሌው ግን ራሱ እየተርገበገበ ጠረረረ ማለት ሊጀምር ስለሚችል በፊቱ የሚለሰልስ ካፓሲተር ያስፈልገዋል። ለዚህ የተዘጋጀ ማጣሪያ ተሠርቶ ስለሚሸጥ ከዚህ ሁሉ ድካም እርሱን መግዛት ይሻላል።

ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ስትሄዱ «መኪናዬ ይጮኻል» ብላችሁ አትጀምሩ። «ሞተር ጠፍቶ ዝም ይላል፤ ሞተር ሲነሣ ያፏጫል፤ ድምፅ ስቀንስ አይቀንስም» ብላችሁ ብትነግሩት ለግማሽ ቀን የሚሆነውን ፍለጋ ታሳጥሩለታላችሁ፤ ሒሳቡም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሽቦው ከዚህ ቀደም ተቈርጦ ከሆነም ያንኑ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ፊውዝ ከሚያቃጥሉት ነገሮች አንዱ ያለ መሸፈኛ የተተወ ሽቦ ነውና።

ጥገናው ሲያበቃ ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት ከፓራውልቱ 1 ሜትር ወደ ኋላ አንድ ጀሪካን አስቀምጡ። ሞተሩ ተነሥቶ፣ የፊት መብራቱ በርቶ፣ ዝናብ መጥረጊያውና ማራገቢያው እየሠሩ፣ እግራችሁ ከፍሬኑ ሳይነሣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገቡ። ጀሪካኑ በስክሪኑ ላይ እስከ መሬቱ ድረስ መታየት አለበት፤ ከድምፅ ማጉያው ደግሞ ምንም ሊሰማ አይገባም።