ጥርስና እርምጃ በእርጅና ዘመን

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ያለው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ፀሐይ ለመሞቅ ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው መልሰው መውጣት አለባቸው። ጉልበት ሲከዳ የሚወቀሰው ዕድሜ ነው፣ ወይም ሪህ፣ ወይም ብርድ። ጥርስን የሚጠረጥር የለም።

ሌላው ዓለም መጠርጠር ከጀመረ ቆይቷል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1989 «8020» የተሰኘ ዘመቻ ከፈተች፤ ግቡ 80 ዓመት ላይ 20 የራስ ጥርስ ይዞ መገኘት ነበር። በ2012 የታተመ የአገሪቱ ጥናት 65 ዓመት የሞላቸውን 1,763 ሰዎች ለሦስት ዓመት ተከታትሏል። ጥርሳቸው ከ20 በታች ሆኖ ሰው ሠራሽ ጥርስ የማያደርጉት የመውደቅ ዕድላቸው፣ 20ና ከዚያ በላይ ጥርስ ካላቸው ጋር ሲነጻጸር 2.5 እጥፍ ያህል ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉት ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል አልጎላም። በ2015 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥርስ ያልቀራቸው አረጋውያን አረማመድ ዘገም እንደሚል አሳተሙ። ገቢና ሕመም ተሰልተው ሲወጡ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከታመመ ድድ የሚነሳው ብግነት በደም ተሰራጭቶ ጡንቻን ይጎዳል የሚሉ አሉ። የመንጋጋ መግጠም ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል የሚሉም አሉ፤ ይኼኛው ማስረጃው ሳሳ ይላል። እኔን የሚያሳምነኝ የማዕዱ መንገድ ነው፦ ማኘክ ሲያቅት ፕሮቲን ይጎድላል፣ ጡንቻም ይሳሳል። አረጋውያን ጡንቻቸው እንዳይመነምን በኪሎ ክብደታቸው ቢያንስ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነው።

የእኛ ማዕድ ደግሞ ችግሩን ይደብቃል። ጥርስ የረገፈ ሰው አይራብም፤ ፍትፍት አለ፣ ገንፎ አለ፣ አጥሚት አለ። ቆሎው፣ ጥብሱ፣ ጥሬ አትክልቱ አንድ በአንድ ከገበታ ሲቀሩ ልብ የሚል የለም። ሽሮ እርግጥ ፕሮቲን አለው፤ ቀጥኖ በጥቂቱ ከተበላ ግን ከላይ የተባለው መጠን የት ይደረሳል?

ነገሩ ተገልብጦም ሊሆን ይችላል። ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ድህነት ደግሞ ሁለቱንም፣ ጥርሱንም እግሩንም፣ ባንድ ጊዜ ይበላል። ሕመሙን በቅርንፉድ አስታግሶ ከርሞ፣ ማስሞላት ሲቻል ሳይሞላ የቀረውን ጥርስ በመጨረሻ ማስነቀል የተለመደ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም።

ጥርስና እግር ያለ ጥርጥር በአንድ ምክንያት ሲጎዱ የታየው ግን በስምጥ ሸለቆ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ የወንጂ ስኳር እርሻ የውኃ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበራቸው። እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ። የስኳር እርሻው ሠራተኞች ውኃውን ለዓመታት ጠጥተው አከርካሪያቸው ደረቀ፣ አንዳንዶቹም መራመድ ተሳናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በስፋት አጥንተዋል። ካደገ በኋላ ወደዚያ የሄደ ሰው ጥርሱ ነጭ ሆኖ አጥንቱ ብቻ ሊጎዳ ይችላል፤ የጥርስ ቀለም የሚበላሸው ጥርስ ገና ሲሠራ ነውና።

ታዲያ ጥርስ ቢተከል እግር ይበረታል? ይህን የሚያረጋግጥ ጥናት ገና ጥቂት ነው። በተደጋጋሚ የታየው፣ ጥርሱ ብቻውን አመጋገብን ብዙም እንደማይለውጥ ነው። አዲስ ጥርስ የተገጠመላቸው እናት ለዓመታት የለመዱትን ፍትፍት ይዘው ይቀጥላሉ። ስለዚህ የምግብ ምክር አብሮ ይሰጣል፤ በፍስክ እንቁላልና በደቃቁ የተከተፈ ሥጋ፣ በጾም ወፈር ያለ ሽሮ፣ የምስር ወጥና በደንብ የበሰለ ንፍሮ።