«ወዴት?»፦ ስደተኛው ሠዓሊ ኢስማኢል ሸሙጥ

ቡትቶ የለበሰ ሽማግሌ በአንድ እጁ ምርኩዝ ይዟል፤ በሌላው የሚያለቅስ ሕጻን አንጓ ጨብጧል። ትከሻው ላይ ያለው ትንሽ ልጅ ጉንጩን በሽማግሌው ራስ ላይ አሳርፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሦስተኛው ልጅ እያለቀሰ ብቻውን ይከተላል። ከኋላቸው የደረቀ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሚናራ ያላት ከተማ ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ1953 የተሳለው የዚህ ሥዕል ርዕስ «ወዴት?» ይባላል። ሠዓሊው ፍልስጤማዊው ኢስማኢል ሸሙጥ ነው።

ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ስለመሳል ዑለሞች የተለያየ አቋም እንዳላቸው እናውቃለን። የዛሬው ርዕሳችን ግን ሥዕሉ ስለተሸከመው ምስክርነት ነው።

ከልድ እስከ ኻን ዩኑስ

ሸሙጥ እ.ኤ.አ. በ1930 በልድ ከተማ ተወለደ። በሐምሌ 1948 የእስራኤል ጦር ልድንና ጎረቤቷን ራምላን ሲይዝ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው እንዲወጡ ተገደዱ። በመንገድ ላይ በውሃ ጥም ከሞቱት አንዱ የሸሙጥ ታናሽ ወንድም ነበር። ቤተሰቡ በመጨረሻ ጋዛ ውስጥ በኻን ዩኑስ የስደተኞች መጠለያ ገባ።

ወጣቱ ኢስማኢል በመጠለያው ጣፋጭ እየሸጠ ቤተሰቡን ረዳ፤ በድንኳን ትምህርት ቤትም ሕጻናትን አስተማረ። በ1950 ካይሮ ሄዶ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገባ፤ ለኑሮው የሲኒማ ማስታወቂያ ይስል ነበር። በ1953 ሥዕሎቹን ይዞ ጋዛ ተመለሰና ዐውደ ርዕይ ከፈተ። ለማየት ከመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ያን መንገድ የተጓዙ ስደተኞች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በካይሮ ያዘጋጀውን ዐውደ ርዕይ የመረቁት ጀማል ዐብዱናስር ናቸው።

የማያልቅ ስደት

ሸሙጥ ሮም ተምሮ ቤሩት ኖረ። በ1959 እንደ እርሱ ከአገሯ የተፈናቀለችውን የያፋ ልጅ፣ ሠዓሊት ተማም አል-አክሐልን አገባ። እስራኤል በ1982 ሊባኖስን ከወረረች በኋላ ወደ ኩዌት ተሻገሩ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ደግሞ ወደ ጀርመን አሻገራቸው፤ ከዚያም ዐማን ገቡ።

በ1997 ሁለቱም የተወለዱባቸውን ከተሞች በእንግድነት ሄደው አዩ። ከዚያ በኋላ በጋራ 19 ግዙፍ ሥዕሎችን ሳሉ፤ ከመፈናቀሉ በፊት የነበረውን ሰላማዊ ኑሮ፣ ነክባን፣ የመጠለያ ሕይወትንና ትግሉን በተከታታይ የሚተርኩ ናቸው። ሸሙጥ ወደ ልድ ሳይመለስ በ2006 በጀርመን አረፈ።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ስለ ነክባ ስንናገር ከ700 ሺህ በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ እንላለን። ቁጥሩ ግን ውሃ ውሃ እያለ የሞተውን ሕጻን አያሳየንም። ሸሙጥ ያንን ነው ያቆየልን። መሬት የተነጠቀ ሕዝብ ትዝታውንም ከተነጠቀ፣ ልጆቹ የት እንደነበሩ የሚነግራቸው አያገኙም። ስለዚህ ያዩትን ማቆየት አማና ነው።

ሸሙጥ የተጠለለባት ኻን ዩኑስ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት ፈራርሳለች፤ የእነዚያ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ዳግም ድንኳን ውስጥ ገብተዋል። ልጅ ተሸክሞ በፍርስራሽ መሀል የሚሄድ አያት በስልካችን ስናይ፣ ከ70 ዓመት በፊት የተሳለውን ሽማግሌ እያየን ነው። ጥያቄውም ያው ነው፦ ወዴት?

ልጆቻችን «ይህ ነገር መቼ ጀመረ?» ብለው ሲጠይቁን ከልድ ጀምረን እንንገራቸው። አላህ ለተፈናቀሉት ሁሉ ፈረጃውን ያቅርብላቸው።