ስበትን ያሸነፈ የሚመስለው ሊፍተር

በቀጭን እንጨት፣ በአሉሚኒየም ፎይልና ከፀጉር ብዙም በማይወፍር የመዳብ ሽቦ የተዋቀረ ባለ ሦስት ማዕዘን ነገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሞተርም ሆነ የሚሽከረከር ክንፍ የለውም። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ግን እየተንሿሿ ከጠረጴዛው ይነሣና የታሰረበት ክር እስከፈቀደለት ድረስ ከፍ ብሎ አየር ላይ ይቆማል። ስሙ ሊፍተር ነው። ለመነሣት ከ20 እስከ 30 ሺህ ቮልት ይፈልጋል፤ የቤታችን ሶኬት የሚሰጠው 220 ቮልት ብቻ ነው።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከአሜሪካዊው ቶማስ ታውንሴንድ ብራውን ጋር የተያያዘ ነው። ብራውን ገና በወጣትነቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሰጠው ዕቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፋ አየና ኤሌክትሪክ የስበትን ኃይል ይለውጣል ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዝ አገር ለሐሳቡ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ኤሌክትሮግራቪቲ የተባለው እምነት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እስከ ዛሬም በየአገሩ በቤታቸው እየሠሩ የሚሞክሩት ብዙዎች ናቸው።

መሣሪያው መነሣቱ እውነት ነው። ጥያቄው የሚያነሣው ምንድን ነው የሚለው ነው። ቀጭኑ ሽቦ ከላይ፣ ሰፊው ፎይል ከታች ሆነው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ። የኤሌክትሪኩ ኃይል በቀጭኑ ሽቦ ዙሪያ ስለሚጠራቀም እዚያ ያለው አየር ወደ አዮንነት፣ ማለትም ቻርጅ ወዳላቸው ቅንጣቶች ይለወጣል፤ በጨለማ ሲታይም ሽቦው ሐምራዊ ብርሃን ያወጣል። አዮኖቹ ወደ ፎይሉ ሲሮጡ በመንገዳቸው ያለውን አየር እየገፉ ይዘውት ይወርዳሉ። አየሩ ወደ ታች ሲገፋ መሣሪያው ወደ ላይ ይገፋል። በአጠገቡ ዕጣን ቢጨስ ጭሱ ወደ ሽቦው ተስቦ በፎይሉ ጎን ቁልቁል ሲወርድ በዓይን ይታያል።

ታዲያ ስበት ነው ወይስ ነፋስ? ብራውን ግፊቱ ወደ አዎንታዊው ኤሌክትሮድ ነው ይል ነበር። የመጀመሪያው ፈተና እንግዲህ ቻርጁን መቀያየር ነው፤ ሽቦው አሉታዊ፣ ፎይሉ አዎንታዊ ሲሆን መሣሪያው ወደ ታች መገፋት ነበረበት፤ እሱ ግን ያኔም ወደ ቀጭኑ ሽቦ አቅጣጫ ይነሣል። ሁለተኛው ፈተና ሊፍተሩን በታሸገ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ሣጥኑን ከነሊፍተሩ መመዘን ነው። ስበት ከቀነሰ ሚዛኑ ይቀንሳል፤ ነፋስ ከሆነ ግን ነፋሱ የሣጥኑን ወለል ስለሚመታ ክብደቱ አይለወጥም። ሦስተኛው አየሩን ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በናሳ የታተመ ጥናት ግፊቱ አየር ውስጥ በሚጓዙ አዮኖች እንደሚብራራ አሳይቷል። አየር ከሌለ የሚገፋ ነገር የለም።

በሰሜን ወሎ ያለው የላስታ ደጋም ለዚህ ሙከራ የራሱ ጥቅም አለው። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ላሊበላ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ አንድ ሳንቲ ሜትር ደረቅ አየር ወደ 30 ሺህ ቮልት ይቋቋማል፤ በደጋው ግን ከዚያ ባነሰ ቮልት ብልጭታው ይዘላል። ስለዚህ በቆላ የተሠራ ሊፍተር በጊዳን ወረዳ ባለችው ሙጃ ሲሞከር ያው ቮልት ላይ ሳይደርስ ብልጭታ ሊዘልበት፣ የሚያነሣውም ክብደት ሊቀንስ ይችላል። ስበት ግን በዚህ ከፍታ ለውጡ ከቁጥር የማይገባ ነው። ከፍታው ውጤቱን የሚለውጥ ከሆነ ሥራው የአየር መሆኑን የጊዳን ተማሪ ከደጁ ሳይርቅ ማየት ይችላል።

ይህን ስል ማንም ቤቱ ውስጥ ብቻውን ይሞክረው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ቮልቴጅ ይገድላል፤ ማብሪያው ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይዞ የሚቆይ ዕቃ አለ። የሚወጣው የኦዞን ጋዝም ሳንባን ይጎዳል። ቦታው እንደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ላቦራቶሪ፣ ሥራውም ከመምህር ጋር ነው።

የብራውን እምነት ቢወድቅም ሙከራው በከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 2.45 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ አንድም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው አውሮፕላን በ40 ሺህ ቮልት በአዮን ነፋስ 60 ሜትር ያህል አበረሩ። ይህ የተገኘው ነፋሱን ነፋስ ብሎ አምኖ፣ ጉልበቱን በመለካት ነው። ተማሪዎቻችንም ሊፍተር ከመሥራታቸው በፊት ሐሳባቸውን ውድቅ የሚያደርገው ውጤት የትኛው እንደሆነ አስቀድመው በደብተራቸው ይጻፉ፤ ሳይንስ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።