ብርሃኑ እውነት፣ መኪናዋ ምኞት

ብርማ መኪና ናት። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ደረቷን መሬት ልታስነካ ጥቂት ቀርቷታል። ጣሪያዋ ከጎማዎቿ ብዙም አይበልጥም፤ መስታወቶቿ ድፍን ጥቁር ናቸው፤ የፊት መብራቷ ስስ የብርሃን መስመር ነው። ፎቶግራፍ ብትመስላችሁ አይፈረድባችሁም። ነገር ግን ይህች መኪና የትም የለችም፤ በትርፍ ጊዜው ኮምፒውተር ላይ የሚስል አንድ ጀማሪ የሠራት የምናብ መኪና ናት እንበል። እንዲህ ዓይነት ሥዕል የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለማንም በነጻ ከተለቀቀ ወዲህ ለሥዕሉ የሚያስፈልገው ኮምፒውተርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

«ታምራለች» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሠዓሊው ግን ከዚያ የተሻለ ትችት ይገባዋል።

መጀመሪያ ዓይናችንን ያሳመነው ምን እንደሆነ እንለይ። ፕሮግራሙ የሚሠራው የብርሃንን መንገድ በማስላት ነው። ተርነር ዊትድ የተባለው አሜሪካዊ በ1980 ያሳተመው ጽሑፍ ዘዴውን አሳይቷል፦ ከተመልካቹ ዓይን ተነሥቶ ጨረሩን ወደ ኋላ መከተል፣ የቱን ገጽ እንደነካ፣ ከዚያም ወዴት እንደነጠረ ማስላት። መስታወትን ፊት ለፊት ስናየው አንዱ ገጹ ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ 4 ያህሉን ነው፤ በጣም አዘንብለን ስናየው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይመልሳል። በመኪና ቀለም ላይ የሚረጨው ቬርኒሽም ጠባዩ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ሕጉን ሳይነገረው ይጠብቃል፤ ስለ ኦፕቲክስ አንድም ነገር ያልተማረ ሠዓሊ እንኳ ነጸብራቁ ትክክል ይመጣለታል።

ስለዚህ ብርሃኑ እውነተኛ ፊዚክስ ነው። የቀረውን ግን ማንም አላሰላውም። ነፋሱን፣ የሹፌሩን ወገብ፣ የጎማውን መታጠፊያ፣ የባትሪውን ሙቀት ኮምፒውተሩ አልተጠየቀም፤ ስላልተጠየቀም አልተቃወመም። ያልተጠየቀውን መጠየቅ የሐያሲው ድርሻ ነው።

ከቆዳዋ እንጀምር። ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ነጸብራቅ በዓይናችሁ ተከተሉት፤ የመብራቱ መስመር ቀጥ ብሎ መጥቶ እዚያ ጋ ይሰበራል፣ ይንቀጠቀጣል። ላሜራ ቀጥቅጦ ስቱኮ የሚሞላ ባለሙያ ይህን ወዲያው ይይዘዋል፤ እሱም የሚሠራበትን በር ጎንበስ ብሎ በአግድም የሚያየው የብርሃኑን መስመር ለመፈተሽ ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሁለት ገጾች ሲገናኙ በመካከላቸው ክፍተት አለመኖሩ አይበቃም፤ አቅጣጫቸው መግጠሙም አይበቃም፤ የጉብጠታቸው መጠን ራሱ መጋጠሚያው ላይ እኩል መሆን አለበት። ነጸብራቅ የገጹን ዝንባሌ ስለሚከተል፣ እጅ ዳብሶ የማያገኘውን የጉብጠት ለውጥ ዓይን ያገኘዋል። የፋብሪካ ነዳፊዎችም ጥቁርና ነጭ ሰንበር በኮምፒውተር ገጹ ላይ አንጸባርቀው ሰንበሩ የት እንደሚሰበር ይመረምራሉ።

ለስላሳ ገጽን በጥቂት ነጥቦች የመምራት ጥበብ የተወለደውም መኪና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮኤን በ1959፣ ፒየር ቤዚዬ ደግሞ በሬኖ በ1960ዎቹ ወደ አንድ ዓይነት ኩርባ ደረሱ። ሲትሮኤን ግኝቱን በምስጢር ስለያዘው ኩርባው ዛሬም የሚጠራው በቤዚዬ ስም ነው፤ ምስጢር መጠበቅ ስም ያስነጥቃል። ጀማሪው ግን ገጹ አልስተካከል ሲለው ነጥብ ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፦ ነጥብ መቀነስ።

ወደ ሰውየው እንምጣ። የትኛው ሰውዬ? ሥዕሉ ውስጥ ማንም የለም። ጎማው 70 ሳንቲሜትር ቁመት አለው ብንል፣ ጣሪያው ከመሬት 84 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ጋንዲኒ ቤርቶኔ በተባለው የመኪና ንድፍ ድርጅት ነድፎ በ1970 በቱሪን ትርኢት የቀረበው ላንቺያ ስትራቶስ ዜሮ ልክ 84 ሳንቲሜትር ነበር፤ በዚያ ላይ በሞተሩ ይሄድ ነበር። ልዩነቱ ጋንዲኒ ሹፌሩን የት እንደሚያስተኛው ማወቁ ነው፤ የጎን በር አይመችም ሲል የፊት መስታወቱን ወደ ላይ የሚከፈት በር አደረገው። የእኛ ሠዓሊ መስታወቱን አጠቆረው። ጥቁር መስታወት የጀማሪ መደበቂያ ነው፤ ውስጡ ያልታሰበበት መሆኑን ይሸፍናል።

የጎን መስታወቱም ሌላ ጣጣ አለበት። ወደ በሩ ውስጥ የሚወርድ መስታወት ጉብጠቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ ሲወርድ ይጋጫል። እዚህ የተሳለው በሁለት አቅጣጫ እንደፈለገው ይጎብጣል፤ ስለዚህ ለዘላለም የተዘጋ ነው። ራሱ ጋንዲኒ እንኳ አልዳነም፦ በ1971 በጄኔቫ የታየው ላምቦርጊኒ ኩንታሽ ለሽያጭ ሲቀርብ የጎን መስታወቱ የሚከፈተው በከፊል ነበር። የመጀመሪያው ናሙና ሞተሩን ማቀዝቀዝ ስላልቻለም ትከሻው ላይ ትልልቅ የአየር መሳቢያ ሳጥኖች ተጨመሩበት። ዛሬ አድናቂዎች እንደ ጌጥ የሚያዩዋቸው እነዚያ ሳጥኖች ከሙቀት ጋር የተደረገ ድርድር ውጤት ናቸው። በእኛ ሥዕል ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ወደየትም አይወስዱም።

ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው ጋር ወረቀት በማያስገባ ክፍተት ገጥመዋል። መሪው ሲዞር ላሜራውን ይበላሉ፤ ሞላው ሲታመቅ የፓራፋንጎውን ጣሪያ ይነካሉ። የፊት መብራቱ ከጉልበት በታች ነው፤ የአውሮፓ ደንብ ደግሞ አጭር መብራት ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ከፍ እንዲል ያዝዛል።

ስለ ነፋስ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ሹል አፍንጫ ፈጣን መኪና አያደርግም። አየሩ ይበልጥ የሚጎትተው ከኋላ፣ ገጹን ለቆ በሚተራመስበት ቦታ ነው። ጀርመናዊው ውኒባልድ ካም በ1930ዎቹ እንዳሳየው፣ ቀስ እያለ ዘቅዝቆ ድንገት የሚቆረጥ ጀርባ ረጅም ጅራት ሳያስፈልገው ጉተታውን ይቀንሳል። የ1996ቱ የጄኔራል ሞተርስ ኢቪ1 የአየር መጎተቻ ቁጥሩ 0.19 ነበር፤ የድሮዋ ቮልስ ቢትል 0.48 አካባቢ ናት። ኢቪ1 ግን ሹል አልነበረም፤ ለስላሳና ጀርባው ጠበብ ያለ ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናልና ጉዳዩ ቀላል አይደለም። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ጉተታ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ግን ይህች መኪና መጀመሪያ የሰፈራችንን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ትለፍ።)

ይህ ሁሉ ተብሎም አንድ ነገር መጣል የለበትም። ከአፍንጫዋ ተነሥቶ በበሩ ላይ አልፎ ጀርባዋ ላይ የሚጠፋው አንድ መስመር የእውነተኛ ነዳፊ እጅ ነው። እሱን ማንም ፕሮግራም አልሰጠውም። ለሠዓሊው የምለው ይህን ነው፦ መስመሩን ያዝ፣ ሌላውን አፍርስ። መጀመሪያ 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው አስቀምጥ፤ አራቱን ጎማዎች ከነመታጠፊያቸው በዙሪያው አኑር፤ ከዚያ ላሜራውን አልብሳቸው። ቀጣዩን ሥዕል ያለ ዝናብ፣ ያለ ምሽት መብራት፣ በግራጫ ቀለም ከጎን አሳየን።