ሽንት፣ ሳሙናና ቆዳ፦ ዳይፐር የሚጠቀሙ አዋቂዎችን ቆዳ ስለ መጠበቅ

ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር የተሳነውን አዋቂ በቤት የሚያስታምም ሰው፣ የታማሚው ጭንና መቀመጫ ተቆጥቶ ሲያይ የሚሰጠው ምክንያት በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ሽንቱ አቃጠለው» ይላል። መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል፦ በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱ ከፊል እውነት ብቻ እንደሆነ፣ መፍትሔው ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱን እንደሚያባብስ ለማሳየት ይሞክራል።

በእርግጥ እንዲህ ያሰቡት አስታማሚዎች ብቻ አይደሉም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ የሕፃናት ሐኪሞችም የዳይፐር ቁስለት መንስኤ ባክቴሪያዎች ከሽንት የሚያመነጩት አሞኒያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሌይደንና ባልደረቦቹ ቁስለቱ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሕፃናት አነጻጽረው አሞኒያ ብቻውን ያልተጎዳን ቆዳ እንደማያቆስል አመለከቱ። በ1986 ደግሞ በርግ፣ ቡኪንግሃምና ስቱዋርት የሽንትን እውነተኛ ሚና ግልጽ አደረጉ፤ ሽንት ከሰገራ ጋር ሲገናኝ የአካባቢውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል በሰገራ ውስጥ ያሉት ፕሮቲንንና ቅባትን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ይበረታሉ፤ ቆዳውንም ያጠቃሉ። ጥናቶቹ መነሻቸው የሕፃናት ዳይፐር ቢሆንም ስለ አዋቂዎች የሚሰጠው ማብራሪያ ዛሬም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

የጤነኛ ቆዳ ገጽ አሲዳማ ሲሆን ፒኤቹ በአብዛኛው በ4 እና በ6 መካከል ይገኛል። ይህ አሲዳማነት የቆዳውን የላይኛው ሽፋን አያይዞ የሚይዘው ቅባት በአግባቡ እንዲዘጋጅ ይረዳል፤ የባክቴሪያንና የፈንገስን መራባትም ይገታል። ቆዳው ለሰዓታት በእርጥበት ሲቆይ ግን ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ይልማል፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡ የዋሉ ጣቶች የሚሆኑትን ማስታወስ ይበቃል። የረጠበ ቆዳ ከጨርቅ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ከደረቅ ቆዳ ስለሚበልጥ ታማሚውን ከአንሶላው ላይ መጎተት ብቻ ሊልጠው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ተቅማጥ ነው፤ ፈሳሹ ሰገራ ኢንዛይሞቹን ኃይላቸው ሳይደክም ይዞ ይወጣልና።

ሳሙና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ፒኤች ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ቆዳው አሲዳማነቱን ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ በሳሙና ሲታጠብ ያ ጊዜ አይገኝም። ሽንት ያደረገውን ሳሙናው ይደግመዋል ማለት ነው። በ2016 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማም፣ ማስረጃዎቹ በጥራት ደካማ መሆናቸውን ቢገልጽም፣ በሳሙናና በውሃ ማጠብ በመከላከልም ሆነ በማከም ረገድ ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑን አስፍሯል። ፒኤቹ ለቆዳ የተስማማ ማጽጃ ከሌለ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል። ቆዳው አይፈተግም፤ በጨርቅ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይደርቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ተከላካይ ቅባት ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ጥሩ ነው፤ በየቤቱ የሚገኘው ቫዝሊንም ያገለግላል። ችግሩ አቀባቡ ላይ ነው። ብዙ ቢቀባ ይበልጥ ይከላከላል የሚለው ግምት ትክክል አይደለም፤ ወፍራም ቅባት የሚጣለውን ዳይፐር የውስጥ ገጽ ሸፍኖ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያደርጋል። ቀድሞ የተቀባ ዚንክ ሳይቆሽሽ ከቀረም ለማስለቀቅ መፋተግ አያስፈልግም። ፓውደር ደግሞ ሲረጥብ ተጓጉሎ በቆዳ እጥፋቶች ውስጥ ስለሚሰበቅ ቢቀር ይመረጣል።

ከጨርቅና ከሚጣል ዳይፐር የትኛው ይሻላል? የሚጣለው በውስጡ ያለው ፖሊመር ፈሳሹን ወደ ጄል ለውጦ ከቆዳው ያርቃል፤ ጨርቅ ይህን አያደርግም። ይሁንና ዋጋው የከበደው ቤተሰብ አንዱን ዳይፐር ከጠዋት እስከ ማታ ሲያቆየው ያ ብልጫ ይጠፋል። ቶሎ የሚቀየር ጨርቅ ከሞላ ዳይፐር ይሻላል ብል አልተሳሳትሁም፤ ሰገራ ካለ ደግሞ በሁለቱም ዘንድ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ጨርቁ በልብስ ሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ ቀሪው ሳሙና በሽንት ረጥቦ ወደ ቆዳው ይመለሳል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ መጨመር ይህን ቀሪ ያረክሰዋል፤ ነገር ግን አቼቶና በረኪና ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማዋል አደገኛ ነው። ከጨርቁ በላይ የሚደረግ ፕላስቲክም ልብስን ከመራስ ያድናል፤ ሙቀትና እርጥበት ግን ያምቃል።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከእርጅናና ከስትሮክ በፊት የሚያስታውሰን ፊስቱላን ነው። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 በአዲስ አበባ በከፈቱት ሆስፒታል የታከሙት ሴቶች ችግር፣ ሽንት በማኅፀን መንገድ ያለማቋረጥ መፍሰሱ፣ የቆዳ ጉዳትንም ያስከትላል። ብዙዎች መፍሰሱን ለመቀነስ ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ሐሳቡ ለሰሚው ምክንያታዊ ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ሽንቱ መወፈሩ፣ ሽታው መባሱና ቆዳውን የበለጠ ማስቆጣቱ ነው። ጥሜን ልቻለው የምትልን ሴት «ጠጪ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም፤ ሽታው ከጎረቤት ያራቃት ሴት ፍርሃቷ በኬሚስትሪ ማብራሪያ ብቻ አይለቃትም።

በመጨረሻ ስለ ምርመራ። በ2018 በጌንት ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተዘጋጀው ግሎቢያድ የተባለው መለያ ጉዳቱን በሁለት ይከፍላል፦ ቆዳው ሳይላጥ የማይለቅ መቅላትና ቆዳው የተላጠበት፤ እያንዳንዱም ኢንፌክሽን ያለበትና የሌለበት ተብሎ ይለያል። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ይችላል። መታየት ያለበት ከአካባቢው መጥቆር፣ ወደ ወይን ጠጅ መለወጥ ወይም መንጣት ነው፤ መንካትም ያስፈልጋል፣ ሙቀትና መጠንከር በእጅ ይታወቃሉና። በቁስለቱ ዙሪያ የተበተነ ጥቃቅን ሽፍታ ፈንገስን ያመለክታል። በአጥንት ጉብታ ላይ ብቻ የወጣና ጠርዙ የተለየ ቁስል ግን የአልጋ ቁስል ሊሆን ስለሚችል፣ ቅባት ከመደራረብ ይልቅ ታማሚውን ማገላበጥና ሐኪም ማሳየት ይገባል።