ለጀማሪ የሚሻለው የኤሌክትሪክ ሲጋራ የትኛው ነው?

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ ወደ ለገዳዲ በወጣን ጊዜ፥ ሃያ ዓመት ያልሞላው የዘመዳችን ልጅ ለብቻችን ቢያገኘን፥ «ጋሼ፥ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም፤ ነገር ግን ጓደኞቼ የያዙትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ልገዛ አስቤአለሁና ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀን። ተቈጥተን ዝም ብናሰኘው ጥያቄው ከልቡ እንደማይወጣ ስላወቅን በትዕግሥት መለስንለት። ያልነውም ልጆችን ለመምከር ኃላፊነት ላለባቸው ሹማምንትና ካህናት ይጠቅም ይሆናል ብለን ጽፈነዋል።

አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ይታወቅ። የዛሬውን መልክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ያስገኘው ሖን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። በውስጡ ባትሪ፥ የሚግል የሽቦ ጥምጥምና ፈሳሽ አለ። ፈሳሹም ከግሊሰሪንና ከፕሮፒሊን ግላይኮል፥ ከጣዕም ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ከኒኮቲን የተቀመመ ነው። ሰው ሲስበው ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹም ይተናል። ልጁ «ጢስ አይደለም፤ የውሃ እንፋሎት ነው» አለን። የሚቃጠል ቅጠል ስለሌለ ጢስ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ውሃ ነው ማለት ግን ሐሰት ነው። ደግሞስ በደጁ ያለው የለገዳዲ ግድብ ውሃ እንኳ ሳይጣራ ወደ አዲስ አበባ አይሰደድም፤ ይህ ፈሳሽ ግን በስውር የሚገባ ስለ ሆነ ማን ይመረምረዋል?

በስውር ነው ማለታችን፥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እንዲህ ያለውን መሣሪያ መሸጥ ስለ ከለከለ ነው፤ ማናቸውንም ትንባሆ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። እንግዲህ ገበያው የተከለከለ ከሆነ፥ የሚመረጠው በመንገደኛ ሻንጣ ከመጣው መካከል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም፤ በአሜሪካ ግን ወደ 60 የሚጠጋ ተሸጧል። የኒኮቲን ጨው የሚባለው ቅመም ጕሮሮን ስለማይከረክር፥ ጀማሪው ምን ያህል እንደ ወሰደ ሳያውቅ ሱስ ይይዘዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 እና በ2020 መጀመሪያ በአሜሪካ ከ2,800 የሚበልጡ ሰዎች ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል የገቡትም፥ በብዛት ከሕጋዊ ገበያ ውጭ በተገኘ፥ የቫይታሚን ኢ ዘይት በተቀላቀለበት የሐሺሽ ፈሳሽ ነው።

በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን ያጨሱ ሰዎች ሲጋራን ትተው ወደዚህ እንዲዛወሩ ሐኪሞች እንደሚመክሩ አልሸሸግነውም። ነገር ግን ከእሳት ያልገባን ሰው ከረመጥ ላይ ቁም የሚል የለም።

ቅጣት ብቻ ይበቃል የሚሉም አሉ። አጤ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በከባድ ቅጣት ከልክለው ነበር፤ ትንባሆ ግን ከአገር አልጠፋም፤ ኋላም መንግሥት ራሱ ሞኖፖል አቋቁሞ ሸጦታል። ስለዚህ ሕጉ መልካም ቢሆንም፥ ልጁ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አንዱ ጓደኛዬ ግን ያለዚያ ማደር አቅቶታል፤ እርሱስ?» አለን። ኒኮቲንን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስተዉ፥ በቆዳ ላይ የሚለጠፍና የሚታኘክ መድኃኒት እንዳለ፥ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዳገባቸው ነገርነው። ልጁም ጓደኛውን ሰኞ ጧት ሊያመጣልን ቃል ገባ፤ እኛም ከሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን አልነው።