ወረራ፦ የሰንጠረዥ ጨዋታ መክፈቻ

በኢትዮጵያ ባህላዊ ሰንጠረዥ የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በየራሳቸው ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ጨዋታው የቆየ ነው። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኒሳዊ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልትም በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳያቸው ጽፏል።

በየወገኑ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ መደቅ ከመነሻውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም። ሠራዊቱ እንዲህ ዘገምተኛ ስለሆነ በተራ ቢጀመር ጦሩ ሳይገናኝ ብዙ ጊዜ ያልፍ ነበር። ወረራ ይህን ያሳጥራል።

የወረራ መከላከያ ጥበብ ያለው የባላጋራን እጅ በመከታተል ላይ ነው። ባላጋራ ፈረሱን ወደ ቀኝ ካወጣ፣ ንቁ ተጫዋች ወዲያው ደሩን ወደዚያው ያዞራል። ፈረስና ደር ሁኔታው ሲለወጥ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ መደቅ ግን አንዴ ከተገፋ መመለሻ የለውም። ስለዚህ መደቅን ያለ ምክንያት የሚገፋ ሰው አሰላለፉን ቀድሞ ያጋልጣል። ቀድሞ የበላ ሰው ተራውን ለባላጋራው ስለሚለቅ፣ ወደፊት የወጣ ጠጠር ሁሉ ከኋላው ጠባቂ ሊኖረው ይገባል። ያልተጠበቀ ጠጠር ከተበላ ኪሳራ ነው፤ የተጠበቀ ከተበላ ግን አጸፋው ዝግጁ ነው።

ፊልን በሚመለከት አንድ ሒሳብ አለ። እያንዳንዱ ፊል በጨዋታው ሙሉ ሊረግጥ የሚችለው 8 ቤቶችን ብቻ ነው፤ የአራቱም ፊሎች ቤቶች የተለያዩ ስለሆኑ ፊል ፊልን ፈጽሞ አይበላም። የባላጋራን ሁለት ፊሎች 16 ቤቶች የሚያውቅ ተጫዋች ንጉሡን ከእነዚያ ውጭ ያቆማል።

የማሸነፊያው ክብር ወረራውንም ይገዛዋል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማምለጫ አሳጥቶ ማት ማድረግ እንደ ተራ ሥራ ይቆጠራል፤ በፈርዝ፣ በፊል ወይም በመደቅ ሲሆን ግን ያስመሰግናል። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች እነዚህን ደካማ ጠጠሮች በመክፈቻው አያባክንም። የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. አጥንቶ በእንግሊዝኛ አሳትሞታል፤ ሰንጠረዥን ለማስተማር የሚነሳ ሰው ከዚያ ቢጀምር ይበጃል።